የዓርብ ሚስማር

ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። «ይህን ግድግዳ ማን ነው እንዲህ አሳምሮ ያስጌጠልሽ?»

ሲታይ ቀላል ጥያቄ ነው። «እኔ ነኝ» ማለት ይቻላል፤ «እከሌ ነው» ማለትም ይቻላል። እኔ ግን ሁለቱንም ሳልል ለእንግዳዬ ውሃ አቀርባለሁ፤ ከዚያ የሙቀቱን ነገር አነሳለሁ። ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው የሙቀት ወሬ የማያልቅ ስንቅ ነው፤ ከብዙ ጥያቄ ያወጣል። አንዳንዱ እንግዳ ግን በሙቀት አይታለልም። ላቡን ጠርጎ፣ ውሃውን ጨልጦ፣ ዓይኑን መልሶ ግድግዳው ላይ ይተክልና «አልነገርሽኝም እኮ» ይላል።

ግድግዳውን ላላያችሁት ላስረዳ። መሐሉ ላይ ጉም የሸፈነው የገደል ሥዕል አለ፤ ትልቅ ነው። ከጣሪያው ሥር፣ ያለ መሰላል በማይደረስበት ቦታ፣ አንድ የአክርማ ስፌት ተሰቅሏል። ከጉልበት በታች ደግሞ ክብ መስታወት አለ፤ የሚያሳየው ጫማ ብቻ ነው። ከጉሙ በስተቀኝ የግድግዳ ሰዓት፤ ከሰዓቱ ሥር ገደድ ብሎ የሎሚ ዛፍ ሥዕል፤ ከዚያ ወዲያ እንደተኳረፈ ሰው ጥጉን ይዞ ለብቻው የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አበባ። አንዱ ከአንዱ ጋር አይነጋገርም። የሚያየው ሰው ግን «ዘመናዊ ነው» ይላል። ዘመናዊ ማለት ምክንያቱ ያልታወቀ ማለት መሆኑን ከዚህ ግድግዳ ተማርኩ።

እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ የኔ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ወዲያው ይጠረጥራል። የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንዱ ከጓደኞቹ ጣት ታህል ወደ ፊት ከወጣ ከበር ላይ ሆኜ ያመኛል። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ከመስመር አይወጣም፤ መስመሯን በስንት ልመና አግኝቷት! በልጅነቱ የተማረ ግን እንደ አባቱ ማሳ ይረማመድባታል። ቤቴም እንደ ደብተሬ ነበር። ወንበሩ ከጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ከመጋረጃው ልክ ለልክ ነው። ያስቸገረኝ የግድግዳዬ ባዶነት ብቻ ነበር።

መቼም የቆላ ሰው ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቅል አስተውላችሁ ይሆናል። ብርድ ነው የሚሰቅለው። እዚህ ከተማ የገባሁበት ሳሎን ሁሉ አንድም ፏፏቴ አለ፣ አንድም በረዶ የለበሰ ተራራ። ሽቅብ ወጥታችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ደግሞ፣ ጋቢ የደረበው ባለቤት ከዘንባባና ከባሕር ዳርቻ ሥዕል ሥር ተቀምጦ እጁን ሲያፋትግ ታገኙታላችሁ። ሰው የሚሰቅለው የሌለውን ነው። እኔም እንደ ሰው የሌለኝን ፍለጋ ደብረ ሲና ወጣሁና ያንን የጉም ሥዕል ገዛሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ተሳፋሪው ጋቢውን፣ ሹራቡን እያወለቀ ሲሄድ፣ እኔ ጉሜን በደረቴ እንዳቀፍኩ ከተማችን ገባሁ።

መስቀሉ ግን እንደ መግዛቱ አልሆነም። መጀመሪያ፣ ግድግዳ ሳይበሳ የሚለጠፍ ማንጠልጠያ ሸጡልኝ። ጠዋት ለጠፍኩት። ከሰዓት በኋላ ሙጫው ቀልጦ ጉሙ በእርጋታ ወርዶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ተስማማው መሰለኝ፣ እንደ እንግዳ ተደግፎ አገኘሁት። ቀጥዬ አጭር ሚስማር መታሁ፤ ሚስማሩ ልስኑን ይዞ ተመለሰ። የጭቃ ግድግዳ እንደ አገር ሽማግሌ ነው፣ በአጭር ነገር አይረታም። በመጨረሻ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ፣ ወፍራም ግንድ ከግንድ የሚያያይዙበትን ረጅሙን ሚስማር ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ ቤት ልሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥዕል ልሰቅል ነው ስለው ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ማን ቢሆን ነው አለ። ጉም ነው አልኩት። ሚስማሩን ጠቅልሎ ሰጠኝና ሌላ አልጠየቀኝም።

ያን ቀን ያደረግኩትን ጥንቃቄ ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁ፤ እኩሌታውን በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ተውሼ፣ አረፋው መሐል ላይ እስኪቆም ጠበቅኩ። ከዚያ መታሁ። ሚስማሩ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባልኝ። መታሁ፤ ገባ። ገና ስመታ፣ በድንገት እጄ ቀለለኝ፤ ከወዲያ ማዶ የሚከለክለው ነገር ያጣ መሰለ።

የኔና የእትዬ ዘሀራ ቤት አንድ ረጅም ቤት ነው፤ መሐሉን በስስ ጭቃ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ። ስለ ስስነቱ አላጋነንኩም፤ እሳቸው ሲያነጥሱ እኔ ከዚህ ሆኜ «ይማርዎ» እላለሁ፣ «ያኑርሽ» ይሉኛል። እትዬ ዘሀራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ውለው የሚገቡ፣ አንደበተ ርቱዕ የይፋት ሴት ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፣ ሰይድ። ጀውሃ መንገድ ዳር ጎማ ጠጋኝ ነው። ከእናቱ ጋር ግን ያን ሰሞን አይነጋገሩም ነበር። የተኳረፉት ደግሞ በምን መሰላችሁ? በሚስማር ነው።

ሟቹ አባቱ ያስቀመጡት፣ በከፋይ ጨርቅ ላይ የተሠራ የመካ ሥዕል አለ። እትዬ ዘሀራ እሱን ከአልጋቸው በላይ መስቀል ፈልገው ልጃቸውን አንድ ሚስማር ምታልኝ አሉት። ነገ አለ። ነገ ወር ሆነች፣ ወሯም እስከ ዒድ ተጎተተች። እናት ሁለተኛ መጠየቁ ክብራቸውን ነካ፤ ልጅ ሳይመታ መምጣቱ አሳፈረው። እሳቸው ስለኮሩ፣ እሱ ስላፈረ፣ ጀውሃና ሸዋ ሮቢት ያህል ቅርብ አገር ባሕር ማዶ ሆነ። የመካው ሥዕል አልጋ ሥር ከረመ። ማታ ማታ ደግሞ በግድግዳው በኩል «ያ ረቢ፣ አንድ ልጅ ሰጥተኸኝ እሱንም ለሚስማር?» ሲሉ እሰማለሁ።

እንግዲህ እጄ የቀለለኝ በዚህ ግድግዳ ላይ ነው።

ከገበያ ሲመለሱ ልነግራቸው ሄድኩ። ንግግሬን እንደ ልማዴ መግቢያና መደምደሚያ አበጅቼለት ነበር፦ እትዬ ዘሀራ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስማሬ ድንበር ጥሶ እርስዎ ቤት ገብቷል፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ። በሩን ሳላንኳኳ እሳቸው ወጥተው እጄን ያዙና ጎትተው አስገቡኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አልጋው ላይ አንድ ፌስታል ማንጎ ተቀምጧል። ከአልጋው በላይ የኔ ሚስማር ጫፉን አሹሎ ወጥቷል።

«አየሽልኝ?» አሉ። «ሰይድ መጥቶ ነበር። ሳላገኘው ሄደ። ማንጎዬን አስቀምጦ፣ ሚስማሬን መትቶልኝ ሄደ።»

ማንጎው በእርግጥ የሰይድ ነበር። እንደ ዓመሉ እናቱ ገበያ መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ጣል አድርጎ ሸሽቷል። ሚስማሩን አየሁት። እውነቱን ለመናገር ከይቅርታው በፊት የመጣልኝ ኩራት ነው፤ ቀጥ ብሎ ነበር የወጣው፣ እንደ ማስመሪያ። ይሁንና የሚታየው ጫፉ ነው እንጂ ራሱ አልነበረም። ይህንን እንዴት አላዩም ብዬ ሳስብ ራሳቸው አነሱት። «ራስ የለውም ልትይ ነው? አዲሶቹ ሚስማሮች ራስ የላቸውም መሰለኝ። ዘንድሮ ራስ ያለው ነገር የት ይገኛል።»

መግቢያና መደምደሚያ ያለውን ንግግሬን ልጀምር ስል ቀደሙኝ። ወዲያው ለሰይድ ስልክ ደወሉ፤ ለካ ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል። እጅህ ይባረክ፣ አባትህ በጀነት ደስ ይበለው እያሉ ሲመርቁት ሰማሁ። ሰይድ ከወዲያ ቀስ ብሎ «አሚን እማዬ» አለ። የተመረቀ ሰው ደግሞ አልመታሁም አይልም። ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ አይመለስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የፈተና ሳምንት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የሰይድን ሚስማር ሊያይ ይመጣል። እኔ ከዚህኛው ግድግዳ ሥር መጽሐፍ ዘርግቼ፣ ምን ያህል ቀጥ እንዳለ፣ ሰይድ እንዲህ ያለ እጅ እንዳለው ማን አወቀ ሲሉ አዳምጣለሁ። ሰው በሕይወት እያለ ሙገሳው ለሌላ ሲሰጥ መስማት ቀላል አይደለም። የለካሁት እኔ፤ አረፋው መሐል እስኪቆም ትንፋሼን የያዝኩት እኔ። ብናገር ግን የእናትና ልጅ ዕርቅ ከነሚስማሩ ይነቀላል። ሚስማሩን ላውጣው ብልም አልችልም፤ መካ ተሰቅሎበታል። ስለዚህ በዚህኛው ራሱ ላይ ጉሜን ሰቀልኩና ዝም አልኩ። አንድ ሚስማር፣ በዚህ የደብረ ሲናን ጉም፣ በዚያ የመካን ከተማ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥሩ ሚስማር ነው፤ አሁንም እላለሁ።

ሰይድ በዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጣ። ምስጋናውን ተቀብሎ ሥዕሉን ከአልጋው በላይ ሲያወርድ ሰማሁ። ጎማ ጠጋኝ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ፤ ዕድሜውን በሙሉ ሚስማር ሲነቅል የኖረ ሰው ነው፣ የሚስማር ጫፍ ከየት በኩል እንደመጣ ለመለየት ማን ይበልጠዋል? ቀስ ብሎ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። እኔም ከዚህ በኩል፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ መታ መታ አደረግሁ። ከዚያ ፒንሳውን አውጥቶ፣ እናቱን እንዳይወጋ ጫፉን ወደ ላይ ቆልምሞ ማንጠልጠያ አበጀለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስማሩ የሱም ሆነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ወግ አልጽፍም ነበር። እትዬ ዘሀራ ግን የሚስማርን ጣዕም ቀመሱ። በሳምንቱ ለሙስበሃቸው፣ ለዚክር መቁጠሪያቸው ማለት ነው፣ ሌላ ሚስማር ፈለጉ። «እንደ መጀመሪያዋ ቀጥ አድርገህ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ሰይድ መዶሻውን አነሳ። የሆነውን በጆሮዬ ተከታተልኩ። አንዱ ምት ግድግዳውን፣ አንዱ አልጋውን፣ አንዱ ራሱን አገኘው መሰለኝ ወላሂ ሲል ሰማሁት። ልስን ረገፈ። በኔ በኩል ጉሙ ዘሎ ተንጋደደ። ጥቂት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ሰይድ መዶሻውን ይዞ፣ አውራ ጣቱን እየጠባ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

«እትዬ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ያችን የመጀመሪያዋን የመቱት እርስዎ ነዎት አይደል?»

እኔ መሆኔን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ከዓለም ላይ ይህን የነገርኩት ለሱ ብቻ ነበር፤ እሱም የነገርኩት ራሱ ደርሶበት ስለመጣ ነውና ነገርኩ አይባልም።

«እባክዎ ይችንም ይምቱልኝ። ከዚህ በኩል። እኔ ነቃይ ነኝ፣ መቺ አይደለሁም። ባበላሽባት ትኮርፋለች፣ ከኮረፈች ደግሞ አንተዋወቅም።»

አሠራራችን እንዲህ ሆነ። እሱ ከማዶ እናቱ ያሳዩትን ቦታ በጣቱ ያንኳኳል። እኔ ከወዲህ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ድምፁ የጎላበትን በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። እሱ ልስኑ እንዳይረግፍ የጎማ ቁራጭ ደግፎ ይይዛል፤ በሌላ እጁ ደግሞ ጓሮ ያሉት እናቱ እንዲሰሙ የአልጋውን እግር በመዶሻ ይቀጠቅጣል። እሱ ድምፁን፣ እኔ ሚስማሩን። ጫፉ ብቅ ሲልለት ቆልምሞ ይጨርሳል። ከዚያ እናትና ልጅ ምሳ ይቀርባሉ። ሰይድ ስለ ሾፌሮች እያወራ እናቱን ሲያስቅ፣ እኔም ከዚህ በኩል በማይመለከተኝ ቀልድ ብቻዬን እስቃለሁ።

ችግሩ የሚስማሩ ራስ እኔ ጋ መቅረቱ ነው። ባዶ ሚስማር ግድግዳ ላይ አይቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሴት አይደለሁም። የተሸፈነ ሚስማር ጌጥ ነው፤ ያልተሸፈነ ጥያቄ ነው። ለሙስበሃው ሚስማር ሰዓት ገዛሁ። በቀጣዩ ዓርብ እትዬ ዘሀራ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ጎንበስ ብለው ከሚያነሱበት ቦታ መስቀል ፈለጉ፤ ያችን ከጉልበት በታች ያለች ሚስማር በምን ልሸፍን? መስታወት ሰቀልኩባት። ቀጥሎ ለዘር ያስቀመጡትን ማሽላ አይጥ እንዳያገኘው ከጣሪያው ሥር አሰኛቸው፤ እኔም ከጎረቤት መሰላል ተውሼ ስፌት ከጣሪያው ሥር ሰቀልኩ። ዣንጥላ መጣ፤ የሎሚ ዛፍ ሥዕል ገዛሁ። ጥጉ ላይ ምን እንደሰቀሉበት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ፕላስቲክ አበባ ከፈልኩበት። እሳቸው በዚያ አንድ ነገር በሰቀሉና ባወረዱ ቁጥር በዚህ ጉሙ ይንጋደዳል፤ እኔ አቃናለሁ። እሳቸው ለሶላት ሲነሱ መስታወቴ ይነቃነቃል፤ አቃናለሁ። ሙቀቱ ሲፈጀኝ ወደ ጉሙ ቀና እላለሁ፤ ጉሙም ወደ ጀውሃ አዘንብሎ ያየኛል። ስንት ዘመን ያሰለፍኩት ቤቴ በሰው ዣንጥላና በሰው ማንቆርቆሪያ ሲተረማመስ ዝም ብዬ ማየቴን ሳስበው፣ ለካ ሰው ራሱን አያውቅም እላለሁ።

እናም ለዚህ መተረማመስ ጭብጨባ መጣለት። ወይዘሮ በለጡ የሚባሉ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ሆቴል ያላቸው ሴት፣ ለልጃቸው መጽሐፍ ሊዋሱ ቤቴ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። መስታወቱን አይተው የጫማ መስታወት መሆኑን ለራሳቸው አስረዱ፤ ስፌቱን አይተው ጨረቃ ነው አሉ። ከዚያ ያችን ጥያቄ ጠየቁኝ። ውሃ አቀረብኩ፤ ሙቀቱን አነሳሁ። ልታይ ልታይ የማልል ሴት ነኝና ዝምታዬን በትሕትና ተረጎሙት። በሳምንቱ ሆቴላቸውን እንዳስጌጥላቸው ለመኑኝ፤ እምቢ የምልበት ቃል ሳፈላልግ እሺ አልኩ።

ሆቴሉ አዳራሽ ገብቼ ከባዶ ግድግዳ ፊት ቆምኩ። ሥዕሎቹ ወለል ላይ ተደርድረዋል፤ አስተናጋጆቹ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ምንም አልመጣልኝም። መሐሉን ለክቶ መስቀል እንደሆነ ማንም ይችላል፤ ወይዘሮ በለጡ የፈለጉት እንደ ቤቴ ያለውን ነው። እንደ ቤቴ ያለው ደግሞ ከማዶ ሰው ይፈልጋል። ዞር ብዬ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ማን እንዳለ ጠየቅኩ። ወጥ ቤት ነው አሉኝ። ሄድኩና ወጥ ሠሪዋን፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ሚስማር ቢመታልሽ የት የት ትወጃለሽ አልኳት። ለብዙ ዘመን ጠያቂ አጥታ የኖረች ይመስል ወዲያው ጀመረች፤ ጭልፋዋን እዚህ፣ ወንፊቷን እዚያ፣ ሽርጧን ከበሩ አጠገብ። ቦታውን በልቤ ይዤ ተመለስኩና በዚያው ልክ ሥዕሎቹን አሰቀልኩ። እንግዳው ሁሉ ተደነቀ። ለወጥ ሠሪዋም በማግስቱ ሚስማሮቿን አስመታሁላት፤ ሐሳቡ የሷ ነው፣ ዋጋዋን ማግኘት አለባት።

ስሜ በከተማው ወጣ። «ግድግዳ ታውቃለች» ተባለልኝ። እኔ ግን እትዬ ዘሀራን ቤቴ አላስገባም ነበር። ሲመጡ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣለሁ፤ ውስጥ ይሞቃል እላለሁ፤ እዚህ አገር ይህን የሚጠራጠር የለም። ግድግዳዬን ካዩ የራሳቸውን ግድግዳ ጀርባ ማየታቸው ነዋ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። እትዬ ዘሀራ እንደ ወትሮው አልተጫወቱም። ነጠላቸውን እያጠፉ ሲዘረጉ፣ እየዘረጉ ሲያጥፉ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግድግዳዬ ሞላ» አሉ። «ትናንት ቆሜ አየሁት፤ የሚሰቀልበትም የሚሰቀልም የለኝ። ከእንግዲህ ልጄን በምን ልጥራው? ሚስማር ሲያጣ የሚመጣ ይመስልሻል?»

ይህን እንዳሉ ዝናቡ መጣ። የቆላ ዝናብ አያስፈቅድም፤ ነፋሱ ቀድሞ ወንበሩን ገለበጠ፣ ዝናቡ ተከትሎ በረንዳውን ወረሰው። እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን በራሳቸው ጥለው በቅርባቸው ባለው በር ገቡ። በሩ የኔ ነበር።

ስከተላቸው ከግድግዳው ፊት ቆመዋል። ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ አዩት።

«ማሻአላህ» አሉ። «ማን ነው እንዲህ ያስጌጠልሽ?»

ውሃ ላቅርብ አልኩ፤ አልጠማኝም አሉ። ሙቀቱን ላነሳ አፌን ከፈትኩ፤ ሙቀቱን ግን ዝናቡ ይዞት ሄዷል። ደጁ ቀዝቅዞ፣ በመስኮቱ የርጥብ አፈር ሽታ እየገባ፣ ማንም ስለ ሙቀት የማያወራበት ብቸኛ ሰዓት ነበር። ስለዚህ ነገርኳቸው። ማን እንዳስጌጠው እኔም አላውቅም፣ እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርዎት አልኩ። ይህ ጉም የመካዎ ጀርባ ነው። ይህ ሰዓት ሙስበሃዎ ነው። ይህ መስታወት ማንቆርቆሪያዎ፣ ያ ላይ ያለው ስፌት የዘር ማሽላዎ ነው።

ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደው በጣታቸው ነኩ። መስታወቱ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ አሉና የገዛ እግራቸውን አዩ።

«ሰይድስ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሰይድ አንድም ሚስማር አልመታም፣ እትዬ ዘሀራ። መጀመሪያዋ የኔ ስሕተት ነበረች። የቀሩትን እሱ ከዚያ እያሳየኝ፣ እኔ ከዚህ መታኋቸው። እሱ የሚመታው የአልጋዎን እግር ነበር።»

«እኔም የአልጋዬ እግር ምን ነክቶት ነው እያልኩ» አሉ። ቀና ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ይህቺን ሰዓት ነበር። ፊታቸውን አየሁ፤ የሚሰበር ነገር ካለ አሁን ነው የሚሰበረው ብዬ።

«እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሚስማር የማይመታ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ዓርብ ከጀውሃ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«እንዲያው ነው የሚመጣው።»

«እንዲያው» አሉ። ቃሉን አፋቸው ውስጥ እንደ ቴምር አገላበጡት። «እንዲያው ነዋ የሚመጣው!» ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሰይድ ከማዶ የሌለበት የመጀመሪያው ሳቃችን ነበር።

ሲረጋጉ ጣታቸውን አነሱብኝ። «እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው። ያፍራል። ካፈረ ደግሞ ልማዱን ታውቂዋለሽ። ዓርብ ሲመጣ አንድ ሚስማር እፈልጋለሁ እለዋለሁ።»

ግድግዳዎ ሞልቶ የለም ወይ አልኳቸው።

«የኔ ነው የሞላው። ያንቺ አልሞላም። እስከ ዛሬ እኔ መረጥኩ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ምረጪ፤ ሚስማሩ በኔ በኩል ብቅ ሲል የምሰቅልበት ነገር አላጣም።»

ይህን ያህል ጊዜ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነበር። ከጉሙ በስተግራ፣ ዓይኔን ሲያሳክከኝ የከረመ ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ ቢሞላ ግድግዳው ሚዛኑን ያገኛል። ሜትሬን አመጣሁ። ለካሁ። ውሃ ልኩን ደግፌ አረፋው መሐል ላይ እስኪቆም ትንፋሼን ያዝኩ፤ ከዚያ እርሳሴን ቦታዋ ላይ አሳረፍኩና በኩራት ወደ እትዬ ዘሀራ ዞርኩ።

ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል አድርገው አዩት።

«ትንሽ ዝቅ» አሉ።